ኮዱ እምቢ ሲላችሁ ሰው እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀን ሥራዬ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና የመመረቂያ ጽሑፍ ጥረዛ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚማሩ ጀማሪዎችን ጥያቄ እመልሳለሁ። ማንም አይከፍለኝም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ብዙ ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ያልፋል። ጠያቂዎቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። እነሱ የሚያዩትን ስክሪን እኔ እንደማላየው ስለሚዘነጉ ነው።

አንደኛው ዓይነት እንዲህ ይላል፦ «ሰላም፣ ፓይተን የሚችል ሰው አለ?» አለ። ከዚያስ? ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ «እኔ እችላለሁ» ብሎ ማን ዘው ይላል? ሰላምታውንም ጥያቄውንም በአንድ መልእክት ላኩት። የእኛ አገር ሰው የቤተሰቡን ደህንነት ሳይጠይቅ ጉዳይ እንደማይጀምር አውቃለሁ። እዚህ ግን «ሰላም» ይበቃል፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ሁለተኛው ዓይነት «ኮዴ አይሰራም» ነው። አይሰራም ስትሉ ምን ሆነ? ጭራሽ አልነሳ አለ? ተነስቶ መሃል ላይ ቀይ ጽሑፍ ተፋ? ወይስ ሳያጉረመርም 15 እና 20 ደምር ቢባል 1520 ብሎ መለሰ? (ይኼኛው የጀማሪ ሁሉ እጣ ነው። ኢንፑት የሚባለው ትእዛዝ ከተጠቃሚው የሚቀበለው ነገር ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ ነው፤ ኢንት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር ካልቀየራችሁት ፓይተን ጎን ለጎን ይቀጥለዋል እንጂ አይደምረውም።) ሦስቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ላሳያችሁ። አንድ ልጅ ለሰፈራቸው እድር የወርሃዊ መዋጮ መመዝገቢያ እየሠራ ነበር። የላከልኝ ይኼ ነው፦ «እትዬ፣ ቀን መመዝገቢያው አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ ይበላሻል። ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገብቶበት ይሆን?» ከሥሩ በስልክ የተነሱ የስክሪን ፎቶዎች ደርድሯል። አንዱ ላይ አውራ ጣቱ ግማሹን ኮድ ሸፍኖታል።

ሦስት ነገር ጠየቅሁት። ምን አስገባህ? ምን ይመጣል ብለህ ጠበቅህ? ምን መጣ?

ቆይቶ መልሱን ላከ። መስከረም 2017 ሙሉውን ያለ ችግር ይመዘግባል። ጥቅምትም እስከ 28 ደህና ነው፣ 29 ሲገባ ግን «ቀኑ ለወሩ አይሆንም» የሚል ኤረር (የስህተት መልእክት) ያወጣል። ኅዳር ላይ ተመልሶ ይሰራል። ጳጉሜን ላይ ደግሞ ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ መሆን አለበት ብሎ ይቆማል።

አሁን ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ መጣ። ዴትታይም የሚባለው የፓይተን የቀንና ሰዓት መሣሪያ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ካሌንደር ብቻ ነው። ልጁ የእኛን ቀን እንዳለ ሲሰጠው ጥቅምትን፣ ማለትም ሁለተኛውን ወር፣ ፌብሩዋሪ አድርጎ ወሰደው። በፈረንጆቹ 2017 ደግሞ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ነው ያለው። ከእነሱ ወሮች ከ30 ቀን የሚያንሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ወራት አለፉ። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናት፣ ለእነሱ የለችም። መፍትሔው ቀኑን መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ማስቀመጥ፣ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ መመለስ ነው። ቀን መቁጠር የማያስፈልግ ከሆነም ቀን፣ ወርና ዓመትን እንደ ሦስት ተራ ቁጥሮች መያዝ ይበቃል። ቫይረስ የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ የምትወስዱት አለ። ለልጁ ቀን ማለት የእኛ ቀን ስለሆነ መናገርም አላስፈለገውም። እኔ እዚሁ ስለምኖር ጥቅምትን ሳይ ገባኝ። ይኼንኑ ህንድ ወይም ብራዚል ላለ ሰው ቢልከው ግን ያ ሰው ዓይኑ ይፈጣል እንጂ አይገባውም። ስለዚህ ውጭ ስትጠይቁ ካሌንደራችን 13 ወር እንዳለው፣ አሥራ ሁለቱ እኩል 30 ቀን እንደሆኑ፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን እንደሆነች በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉ። ሰዓትም እንደዚያው ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለው ለእነሱ 9 ሰዓት ነው። የባስ መነሻ ሰዓት የሚያሳይ ፕሮግራም ሠርታችሁ በ6 ሰዓት ቢዛባ ኮዱን ከመውቀሳችሁ በፊት እሱን እዩ።

ሌላም አለ። ልጁ ትንሽ ቀድሞ ቢነቃ ኖሮ «ዴትታይም ላይ 13ኛ ወር እንዴት ልጨምር?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መልሱ «አይቻልም» ነው፣ ነገሩም እዚያ ላይ ያበቃል። የያዛችሁትን መንገድ ብቻ ሳይሆን ልትደርሱበት የፈለጋችሁትን ንገሩ። «የእድር መዋጮ በእኛ ካሌንደር መመዝገብ እፈልጋለሁ፣ በዚህ በኩል ሞከርኩ» ስትሉ ሌላ መንገድ የሚያሳያችሁ ሰው ይመጣል።

ከመጠየቃችሁ በፊት ኤረሩን አንብቡ። ቀዩ ጽሑፍ ሲረዝም ሰው ይደነግጣል፣ ግን ፓይተን ዋናውን ነገር የሚያስቀምጠው መጨረሻ መስመር ላይ ነው። ከታች ወደ ላይ አንብቡት። መጨረሻው ምን እንደተበላሸ፣ ከሱ ከፍ ብሎ ያለው ደግሞ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ሲንታክስ ኤረር (የኮድ አጻጻፍ ስህተት) ሲሆን የተጠቆመው መስመር ንጹህ ሆኖ ጥፋቱ ከሱ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ያልተዘጋ ቅንፍ። በፈረንጆቹ 2021 ከወጣው ስሪት 3.10 ጀምሮ ፓይተን ይኼኛውን ቅንፍ አልዘጋህም ብሎ በግልጽ ይናገራል። አሮጌ ካላችሁ ብታሳድሱት ይሻላል። ስትጠይቁም ስንተኛው የፓይተን ስሪት እንደሆነ ጻፉ።

የእኛ ሰው ብቻ የሚያውቀው ችግርም አለ። አማርኛ ኪቦርድ ሳይጠፋ ኮድ ትጽፉና በእንግሊዝኛው ኮማ ቦታ «፣» ትገባለች። ፓይተን ይኼን ምልክት አላውቅም ይላል። ነገሩ የሚገርመው የአማርኛ ፊደልን ግን ያውቃል፤ «ዋጋ» ብላችሁ ቬሪየብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ብትሰይሙ ይሰራል። ነጠላ ሰረዛችንን ነው የማይወደው።

ከዚያ ኮዱን አሳንሱት። ሙሉውን ፋይል ለማንም አትላኩ። ከችግሩ ጋር የማይገናኘውን አንድ በአንድ እያወጣችሁ አስኪዱት። ችግሩ እስካለ ድረስ ቀጥሉ፣ ሲጠፋ መጨረሻ ያወጣችሁትን መልሱና እሱን ተመልከቱ። የእድሩ ፕሮግራም ምናሌ፣ የአባላት ዝርዝር፣ ምኑ ቅጡ ነበረው። ችግሩን ለማሳየት ግን ዴትታይምን አስገብቶ 2017፣ 2፣ 29 የሚል ቀን መፍጠር በቂ ነበር። ሁለት መስመር ነው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ የሚደርስ ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ሳይልከው ይተወዋል፣ ጥፋቱን ራሱ ያገኘዋልና።

ካልተገኘ ላኩ፣ ግን በጽሑፍ። ፎቶ ላይ ያለን ኮድ ገልብጦ መሞከር አይቻልም፤ እኔ ፎቶ አይቼ ኮድ እንደ አዲስ አልጽፍም፣ ሌላውም አይጽፍም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ኮድ እንዲሁ ከለጠፋችሁት ይበላሽባችኋል። ከአንድ ቃል ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ካለ ቴሌግራም «ጽሑፉን አዝምም» የተባለ ይመስለውና ሰረዞቹን ይበላቸዋል። ክላስ የሚባለውን የኮድ ክፍል ስትጽፉ ኢኒት ከሚለው ስም ግራና ቀኝ የሚገቡት እነዚያ ናቸው። መከላከያው ቀላል ነው። ኪቦርዱ ላይ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን ትንሽ ጭረት ከኮዱ በፊት ሦስት ጊዜ፣ ከኮዱ በኋላም ሦስት ጊዜ ምቱ። ኮዱ እንዳለ ይቀመጣል።

የቴሌግራም ቦት (በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) የምትሠሩ ተጠንቀቁ። ቦት የሚመዘገብበት የቴሌግራም አካውንት ቦትፋዘር የሰጣችሁ ቶክን፣ ማለትም የቦቱ ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ ኮዱ ውስጥ አለ። እሱን ያየ ሁሉ ቦቱን እንደፈለገ ያዝዘዋል። ከመለጠፋችሁ በፊት አውጡትና በቦታው «ቶክን» ብላችሁ ጻፉ። አምልጧችሁ ከላካችሁት መልእክቱን መሰረዝ አይበቃም፣ ቦትፋዘር ዘንድ ሄዳችሁ አሮጌውን ሽራችሁ አዲስ ውሰዱ።

የት ይጠየቅ? በአማርኛ የሚጻጻፉ የቴሌግራም ግሩፖች ለጀማሪ ጥሩ ናቸው፣ ፈጣንም ናቸው። ችግራቸው መልሱ በሰዓት ውስጥ በሌላ ወሬ መቀበሩ ነው። ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ ያለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ፣ ስታክ ኦቨርፍሎው፣ መልሱን ያስቀምጣል፣ ግን ጥብቅ ነው፤ ዋናው ገጽ ላይ የሚጠየቀውም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። የፖርቹጋልኛ፣ የሩሲያኛ፣ የስፓኒሽና የጃፓንኛ አለው፤ የአማርኛ የለውም። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብላችሁ አትሽሹ። አጭር አረፍተ ነገርና ንጹህ ኮድ ካለ ማንም ሰዋስው አይቆጥርባችሁም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። መጀመሪያ ግን የኤረሩን መጨረሻ መስመር ፈልጉት፣ ቀድሞ የተጠየቀ መሆኑ አይቀርም። ጥያቄያችሁ «የተደገመ» ተብሎ ቢዘጋ አትናደዱ። መልሱ ያለበትን ሊንክ ነው የሰጧችሁ።

መብራት ልማዱ ነውና ጥያቄውን መጀመሪያ ኖት ላይ ጻፉት። ሙሉ ሲሆን ዳታ አብርታችሁ መላክ ነው። ለውጭ ሰው ማታ መላክ ይሻላል። እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኒውዮርክ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰዉ ሥራ ላይ ነው።

«ኢንቦክስ ና፣ በብር ልሥራልህ» የሚል ከመጣ ተዉት። ግሩፕ ላይ የተሰጠ መልስ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል፣ በግል የተነገረውን ግን ማንም አያየውም። ቻትጂፒቲን መጠየቅም ነውር የለውም፣ ያው ኮዱን አሳንሶ፣ ኤረሩን ጨምሮ ነው። የሰጣችሁን ግን ሳታስኬዱ ለሌላ ሰው መልስ አድርጋችሁ እንዳትለጥፉ። ስታክ ኦቨርፍሎውማ ብታስኬዱትም እንኳ በቻትጂፒቲ የተጻፈ መልስ መለጠፍን ከፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ጀምሮ ከልክሏል።

መልስ ካገኛችሁ «ተፈታ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ አትጥፉ። የቱን መስመር እንደቀየራችሁ ጻፉ፣ ነገ ያው ችግር የሚገጥመው ሌላ ልጅ አለ። መልስ ካጣችሁ ደግሞ አንድ ቀን ታገሡ። ከዚያ «ኧረ መልሱልኝ» ከማለት እስካሁን ምን ምን እንደሞከራችሁና ምን እንደመጣ ጨምራችሁ ጥያቄውን አድሱት።