የተራቆተ መሬትን በከሰል መሳል፦ ጨለማ የኤክስፕሬሽኒስት ስዕል እንዴት ይሠራል?

ስለ አካባቢ ውድመት ሊስል የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ የምታለቅስ ምድር፣ ፊት ያበጀ ዛፍ፣ ከጀርባ ጭስ የሚተፋ ፋብሪካ፣ ከፊት የዓሣ አጽም። ሁሉም አንድ ወረቀት ላይ ሲከማቹ ስዕሉ ፖስተር ይሆናል። ተመልካቹ ምልክቶቹን ያነባል፣ «ገባኝ» ይላል፣ ያልፋል። እንዲቆም ከተፈለገ አንድ ቁስል መምረጥና እሱ ላይ መቆየት ይሻላል። እዚህ የመረጥነው ከቦረቦር አፋፍ ላይ የቀረ አንድ የዛፍ ጉቶ ነው። ዘዴው ግን ለተቃጠለ ደን፣ ለደረቀ ሐይቅ ወይም ለተቆፈረ ተራራም ይሠራል።

ኤክስፕሬሽኒዝም፣ ማለትም ከነገሩ መልክ ይልቅ የሚፈጥረውን ስሜት የሚያስቀድም የአሳሳል ስልት፣ ነገሩን ማጣመም ብቻ የሚመስላቸው አሉ። የኖርዌዩን ሠዓሊ የኤድቫርድ ሙንክን «ጩኸት» የተባለ ስዕል ልብ ብለው ይዩት። ሙንክ እ.ኤ.አ. በ1893 በቀለም ሠራው፤ በ1895 ደግሞ በጥቁር ብቻ በሊቶግራፍ (ድንጋይ ላይ ተስሎ በሚታተም ኅትመት) አተመው። ሰማዩ፣ ውሃውና የብሱ እንደ ማዕበል ይናጣሉ፤ የድልድዩ መደገፊያ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጠመዝማዛው የሚያስፈራው ከቀጥታው ጎን ስለቆመ ነው። በእኛ ስዕል ቀጥ ያለው መስመር አንድ ብቻ ይሆናል፤ መጋዝ በጉቶው ላይ ጥሎት የሄደው ጠፍጣፋ ቁርጥ። ሌላው ሁሉ ይንሸራተታል፣ ይቀደዳል፣ ይንጠለጠላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድ ኤ2 ወረቀት (42 በ59.4 ሴንቲ ሜትር)፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም፣ ገጹ ሻካራ። ለስላሳ ወረቀት ከሰል አይዝም፤ ሁለተኛውን ንብርብር ሲያስቀምጡ የመጀመሪያው ይላቀቃል። ከከሰል ሁለት ዓይነት ይያዙ፦ ከተቃጠለ ቀጭን እንጨት የሚገኘው ለስላሳ ዱላ ከሰል ሦስት ወይም አራት፣ በማጣበቂያ ተጨምቆ የተሠራው ጥቁር ከሰል ደግሞ አንድ። ለስላሳው በቀላሉ ይጠረጋል። የተጨመቀው በጣም ይጠቁራል፤ አንዴ ከተቀመጠ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

በተጨማሪ እንደ ሊጥ የሚታሽ ላጲስ፣ በምላጭ ሹል ተደርጎ የተቆረጠ ጠንካራ ላጲስ፣ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ፣ ጸጉሩ ጠንከር ያለ ብሩሽ፣ ትንሽ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳና ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያጸና ስፕሬይ (ፊክሳቲቭ) ያዘጋጁ። ነጭ ጠመኔ አያምጡ። ከከሰል ጋር ሲደባለቅ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሙት ግራጫ ይፈጥራል፤ በዚህ ስዕል ነጭ የሚባለው ወረቀቱ ራሱ ነው።

ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ይቁም። ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሲሳል ብናኙ ከስዕሉ ላይ ይከማቻል፣ እርስዎም እፍ ማለት ይጀምራሉ። እፍ የተባለ ከሰል ተመልሶ ወደ ሳንባ ነው የሚገባው። ሰሌዳውን ከጀርባ መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

መጀመሪያ ነገሩን ማወቅ

ቦረቦር እንዴት እንደሚፈጠር ያላወቀ ሰው የሚስለው ጉድጓድ ነው። ዕፅዋቱ ሲነሱ ዝናቡ ራቁቱን አፈር ይደበድበዋል። መስረግ ያቃተው ውሃ በገጹ ላይ ይፈስሳል፣ በቀጫጭን መስመሮች ይሰባሰባል፣ ከዚያ ቁልቁል መቁረጥ ይጀምራል። በቦረቦሩ ራስ ላይ ውሃው እንደ ፏፏቴ እየወደቀ ሥሩን ከታች ይቦረቡራል። የላይኛውን አፈር ግን ሥሮች አያይዘው ይዘውታል፤ ስለዚህ አፋፉ እንደ ተሰበረ ጣሪያ ወደ ፊት ወጥቶ ይንጠለጠላል፣ ከሥሩ ጥቁር ዋሻ ይቀራል፣ ሥሮቹ አየር ላይ ይወርዳሉ። ከጊዜ በኋላ አፋፉ ራሱ ተገምሶ ይወድቅና ቦረቦሩ ሽቅብ አንድ እርምጃ ይሄዳል። የስዕሉ ድራማ ያለው እዚህ ነው፤ ጉቶው የቆመበት መሬት ሊወድቅ ነው።

ጉቶውንም በቅርብ ይዩት። በመጋዝ የተቆረጠ ዛፍ ገጹ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ቆራጩ ዛፉ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ለመምራት በአንድ በኩል ሽብልቅ መሰል ቁራጭ ያወጣል፣ ከኋላ ይቆርጣል፣ መሀል ላይ ቀጭን እንጨት ያስቀራል። ዛፉ ሲወድቅ ያ ቀሪ እንጨት ይቀደዳል። ስለዚህ ጠፍጣፋውን ገጽ የሚያቋርጥ፣ ወደ ላይ የቆመ የስንጣሪ ረድፍ ይኖራል። ስለታም መጋዝና ተቀዶ የቀረ እንጨት ጎን ለጎን። ይህን ያየ ሰው ጉቶ ላይ የሚያለቅስ ፊት መሳል አያስፈልገውም።

አሠራሩ

1. ስድስት ትንንሽ ንድፎች ይሥሩ፣ እያንዳንዳቸው 6 በ8.5 ሴንቲ ሜትር፣ በሦስት ደቂቃ። ሦስት ቃና ብቻ ይጠቀሙ፦ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ነጭ። አድማሱን ከወረቀቱ የላይኛው አንድ ስድስተኛ ላይ ያድርጉት። አድማስ ሲወጣ ሰማይ ይጠብባል፣ የተራቆተው መሬትም ወረቀቱን ይሞላዋል። ጉቶውን ከመሀል አውጥተው ወደ አንድ ጎን ይግፉት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ያጋንኑ፤ ለምሳሌ የአፋፉን መንጠልጠል እጥፍ ያድርጉት ወይም ሥሮቹን እስከ ወረቀቱ ግርጌ ያውርዷቸው። ሁሉም ከተጋነነ ዓይን የሚያነጻጽርበት ያጣል፤ ውጤቱም የቅዠት ጌጥ ነው።

2. ወረቀቱን በፕላስተር ዙሪያውን 1.5 ሴንቲ ሜትር እየሸፈኑ ይለጥፉ። በእርሳስ አይንደፉ፤ የእርሳስ መስመር ያንጸባርቃል፣ ከሰልም በላዩ ላይ አይዝም። ለስላሳውን ከሰል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰብረው በጎኑ ወረቀቱን በሙሉ ያልብሱት፣ በጨርቅ ይሹት፣ ይድገሙት። ግቡ እኩል የሆነ መካከለኛ ግራጫ ነው። በጣት አይሹ። የጣት ወዝ ወረቀቱ ላይ ይቀርና በኋላ ከሰሉ እዚያ ቦታ ላይ ይዥጎረጎራል።

3. ብርሃኑን በሚታሸው ላጲስ ያውጡ። መጀመሪያ የጠበበውን ሰማይ፣ ቀጥሎ የአፋፉን ጠርዝ፣ በመጨረሻ የጉቶውን ገጽ። ላጲሱን እየጫኑ ያንሱ እንጂ አይፈትጉ፤ ሲጠቁር አሽተው ንጹሑን ጎን ያውጡ። ለጉቶው ቁርጥ ሹሉን ጠንካራ ላጲስ ይጠቀሙና በአንድ ትንፋሽ ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ይህ ቦታ ከስዕሉ ሁሉ የነጣው መሆን አለበት። ሰማዩ ከጉቶው ከበለጠ የሩቅ ተስፋ ያለው የመሬት ገጽታ ሳሉ ማለት ነው፤ በጨርቅ መታ አድርገው ያደብዝዙት።

4. አሁን የተጨመቀው ከሰል ይምጣ። ከአፋፉ ሥር ባለው ዋሻ ይጀምሩ፣ እዚያ አጥብቀው ይጫኑ። ሌላ ቦታ ላይ ያን ያህል ጥቁር አይድገሙ፤ ጥቁር በየቦታው ሲበተን ጥልቀቱ ይጠፋል። በግምት ከወረቀቱ ሰባ በመቶው ጨለማ፣ ሃያ አምስቱ ግራጫ፣ አምስቱ ብቻ ነጭ ቢሆን ሚዛኑ ይጠበቃል።

5. ምልክቶቹ የነገሩን ጠባይ ይከተሉ። የቦረቦሩን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች በተሰበረ ከሰል ሹል ጠርዝ ይቧጥጡት፣ ውሃው እንደሄደበት። የጠፍጣፋውን መሬት ብናኝ በብሩሽ በአግድም ይጥረጉ። ሥሮቹን ከትከሻ ይሳሏቸው፤ ከእጅ አንጓ የተሳለ ሥር ሁልጊዜ ጅራፍ ይመስላል። እያንዳንዱ ሥር አፈሩን ከለቀቀበት ቦታ ወፍራም ሆኖ ይጀምርና እየተቆረጠ፣ እየጠፋ ይውረድ። አንዱን ወይም ሁለቱን በላጲስ ጫፍ ከጥቁሩ ውስጥ ነጭ አድርገው ያውጧቸው። የአፋፉን ስንጥቆች በብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ጠርዝ መፋቅ ይቻላል፤ ይህ ወረቀቱን ስለሚያቆስለው መመለሻ የለውም፣ ሦስት አራት ጭረት ይበቃል።

6. ለአንድ ቀን ይተዉት። በማግስቱ ሁለት ሜትር ርቀው ይዩት፣ ገልብጠው ይዩት፣ በስልክ ፎቶ አንስተው በትንሹ ይዩት። በፎቶው ላይ ጉቶው ወዲያው ካልታየ ችግሩ ዝርዝር ማነሱ አይደለም፤ ዙሪያው አልጠቆረም።

የሚበላሸው የት ነው?

ብዙ ጊዜ ስዕሉ በሙሉ ወደ አንድ ግራጫ ይቀየራል። ምክንያቱ ማሸት ነው። ማሸት ደስ ይላል፣ ጭጋግ ይሰጣል፣ እያንዳንዱን ጠርዝም ይበላል። ከሁለተኛው ደረጃ በኋላ ጨርቁን ከሩቅ ሰማይና ከዋሻው ውስጥ ውጭ አይንኩት። ሌላው ከሰሉ አልይዝ ብሎ መንሸራተቱ ነው፤ የወረቀቱ ቀዳዳዎች ሞልተዋል ማለት ነው። በላዩ ላይ መጫን ያብሰዋል እንጂ አያጠቁረውም። በሚታሸው ላጲስ ትርፉን ያንሱ፣ ስስ ስፕሬይ ይርጩ፣ ሲደርቅ እንደገና ያጥቁሩ።

ስፕሬዩን የሚረጩት ከቤት ውጭ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ክፍል፣ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ጀምረው ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ እየጨረሱ ነው። ሦስት ስስ ንብርብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ቀርቦ የተረጨ ጠብታ ይሠራል፣ ጠብታው ከሰሉን ይዞ ይወርዳል። ፊክሳቲቭ ቀላሉን ግራጫ ትንሽ እንደሚያጠቁር ስለሚታወቅ፣ ሰማዩን ከሚፈልጉት ግማሽ ደረጃ አንጥተው ይተዉት። የጉቶውን ነጭ ከደረቀ በኋላ በጠንካራው ላጲስ አንዴ ያድሱት። የጸጉር ስፕሬይ የሚጠቀሙ አሉ፤ ለልምምድ ወረቀት ይሆናል፣ ከጊዜ በኋላ ግን ቢጫ ያደርጋል።

ፕላስተሩን ከወረቀቱ ወደ ውጭ፣ በጣም ዝቅ ባለ ማዕዘን፣ ቀስ ብለው ይላጡ። ስዕሉ በመስታወት ከተገጠመ መስታወቱ ከሰሉን እንዳይነካ በመሀል ወፍራም የካርቶን ጠርዝ ይግባበት። ካልተገጠመ በላዩ ላይ ለስላሳ ቀጭን ወረቀት አልብሰው ጠፍጣፋ ያስቀምጡት፤ የተጠቀለለ የከሰል ስዕል ሲፈታ ጥቁሩ ወደ ነጩ ተሻግሮ ያገኙታል።