በሞባይል የሦስት ደቂቃ አስፈሪ ትዕይንት እንዴት ይሠራል?

መደንገጥና መፍራት ለየቅል ናቸው። ድንገት የጮኸ ድምፅ ማንንም ያስደነግጣል፤ ወዲያው ግን ያስቃል። ፍርሃት የሚመጣው ተመልካቹ ተዋናይዋ የማታውቀውን አውቆ ሲጠብቅ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን የሚያስረዳው ከጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ቦምብ ነበር፤ ሳናውቅ ከፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ፣ ቀድመን ካየነው የ15 ደቂቃ ጭንቀት።

1. አደጋውን አስቀድሙ። ሴትየዋ ማታ ብቻዋን ሽንኩርት ትከትፋለች። ከኋላዋ የጓዳው በር ቀስ ብሎ ገርበብ ሲል ለ4 ሰከንድ ያህል አሳዩ። ከዚያ ወዲያ መክተፏ ብቻውን ያስጨንቃል።

2. ካሜራውን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) አቁማችሁ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ሳትቆርጡ ቅረጹ። እሷን ወደ አንድ ጎን አድርጉና በሩ ያለበትን ወገን ባዶ ተዉት፤ ዓይን ራሱ ባዶውን ሲፈትሽ ይቆያል።

3. አንድ መብራት ከጎን ይበቃል። ክፍሉን ጨርሶ ማጨለም የጀማሪ ስህተት ነው፤ ሞባይሉ ጨለማውን በራሱ ለማብራት ሲሞክር ምስሉ ግራጫና ነጠብጣብ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ፊቷን ተጭናችሁ በመያዝ ብርሃኑን ቆልፉ፣ ከዚያ ዝቅ አድርጉት።

4. ትልቁ ሥራ ድምፅ ላይ ነው። በቀረጻ ጊዜ ፍሪጁን ንቀሉ (መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ፣ ሥጋው ይበላሻል)። የፍሪጁን እምምታ፣ የበሩን ሲጥታና የቢላዋውን ምት ስልኩን አስጠግታችሁ ለየብቻ ቅዱ። ሰው የሌለበትን ክፍል ጸጥታም 30 ሰከንድ ቅዱ። በኤዲቲንግ እምምታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በስሱ አስገቡት፤ ተመልካቹ ይለምደዋል። በሩ ሁለተኛ ሲንቀሳቀስ ድንገት አጥፉት፤ ቢላዋውም ይቁም። በዚያ ክፍተት የቀዳችሁትን የክፍሉን ጸጥታ አስገቡ፤ ፍጹም ባዶ ከተተወ ስፒከሩ የተበላሸ ይመስላል። ሙዚቃ እዚህ ባይገባ ይሻላል።

5. ከበሩ ጀርባ ያለውን ለማሳየት አትቸኩሉ፤ ጣቶች ወይም ጥላ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው «ጆውስ» ፊልም ሰው ሠራሹ ሻርክ በጨዋማው ባሕር ደጋግሞ ስለተበላሸ፣ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ሻርኩን በክንፉ፣ በተንሳፋፊ በርሜሎችና በሙዚቃ ለመተካት ተገደደ። ሻርኩ በደንብ የሚታየው ፊልሙ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ብልሽቱ ጠቀመው።

6. ጸጥታ ሲረዝም ጩኸት እንደሚከተል ዛሬ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የሚጠበቀውን ቅጽበት በባዶ አሳልፉት፤ በሩን ትዝጋው፣ ወደ ቢላዋዋ ትመለስ። ቢላዋው ግን የለም።

ሲያልቅ፣ አይቶት ለማያውቅ ሰው በጨለማ ክፍል አሳዩት፤ እናንተ ፊቱን እንጂ ስክሪኑን አትመልከቱ። ሰልችቶት የራሱን ስልክ ባነሳበት ሰከንድ ላይ ምልክት አድርጉና ከዚያው ቁረጡ።