በቤት ውስጥ ሂና ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐረርና በድሬዳዋ ሠርግ ሲደገስ፣ ዒድ ሲቃረብ፣ የሐረሪዎች በዓል የሆነው ሹዋሊድ ሲደርስ የሴቶች እጅና እግር በሂና ያጌጣል። ቀድሞ ይህን የሚሠሩት በየሰፈሩ በሙያቸው የታወቁ ጥቂት ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ብዙ ወጣቶች ዱቄቱን ከገበያ ገዝተው፣ ንድፉን ከስልካቸው እያዩ እቤታቸው ይሠሩታል። ቆዳ ሳይወጋ፣ ደም ሳይፈስ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ በራሱ የሚለቅ ጌጥ በመሆኑ ለመሞከር የሚከብድ አይደለም። ሆኖም በቤት የተሠራ ሂና ሲበላሽ ጥፋቱ የሥዕል ችሎታ ማነስ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቀለሙ ቶሎ እንዲወጣ፣ ቶሎ እንዲጠቁር፣ ቶሎ እንዲደርቅ ሲባል የሚደረገው ጥድፊያ ነው አብዛኛውን ሥራ የሚያበላሸው፤ አንዳንዴም ጥድፊያው ከውበት አልፎ ጤናን ይጎዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት ያለበት ስህተት «ጥቁር ሂና» የሚባለውን መጠቀም ነው። ሂና የሚገኘው ላውሶኒያ ኢነርሚስ ከተባለ ሙቀት የሚስማማው ቁጥቋጦ ቅጠል ሲሆን፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ላውሶን የተባለ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ቆዳን መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቆይቶም ቀይ ቡናማ ያደርጋል። በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ድቅድቅ ጥቁር የሚያደርግ ሂና ከተፈጥሮ አይገኝም። እንዲህ ያለው ውጤት ከታየ ብዙውን ጊዜ በውስጡ የፀጉር ቀለም ውስጥ የሚገባው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል አለ ማለት ነው። አንዳንዶች የተቀላቀለውን ገዝተው ያመጡታል፤ ሌሎች ደግሞ በትንሽ ፓኬት የሚሸጠውን የፀጉር ማጥቆሪያ ዱቄት እቤታቸው ከሂናው ጋር ያዋህዱታል። የኋለኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ምን ያህል ኬሚካል እንደገባ የቀላቀለውም ሰው አያውቀውም። የአውሮፓ ኅብረት ይህ ኬሚካል በፀጉር ቀለም ውስጥ ፀጉር ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን፣ በቀጥታ ቆዳ ላይ እንዲቀባ ግን ጭራሹን አይፈቅድም።

የፒፒዲ አስቸጋሪነት ጉዳቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። በተቀቡበት ቀን ሁሉም ያማረ ይመስላል። ሰውነት ለኬሚካሉ አስቀድሞ ተቆጥቶ ከነበረ በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ከሳምንት በላይ ቆይቶ፣ የተሳለው ሐረግ ባለበት መሥመር ሁሉ ቆዳው ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል። ቁስሉ ሲድን መሥመሩ ነጣ ብሎ ወይም ጠባሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከዚህም የሚከብደው፣ አንድ ጊዜ የተቆጣ ሰውነት ዕድሜ ልኩን ኬሚካሉን የማይረሳው መሆኑ ነው፤ በልጅነቷ እጇ ላይ ጥቁር ሂና የተሳለላት ሴት ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል። ለአንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒቶችና የልብስ ማቅለሚያዎችም አለርጂው ሊተላለፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጥቦ፣ ውኃ የቋጠረውን ሳያፈርጥ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም ሌላ ቅርብ ሆስፒታል ለመድረስ ሰዓት ማባከን አይገባም።

ላምባ፣ ቤንዚን ወይም የቀለም ማቅጠኛ መጨመርም ከዚሁ ስህተት ጋር የሚመደብ ነው። ቀለሙን «ያስገባዋል» ይባላል። በእርግጥ የሚያደርገው የቆዳውን ወዝ ማጠብና ማቃጠል ነው፤ ሽታው ቤቱን ይሞላል፣ ክብሪት በሚጫርበት ወይም ከሰል በሚቀጣጠልበት ክፍል ደግሞ እሳት ይጋብዛል።

ቀጣዩ ስህተት ዱቄቱን ሳይመረምሩ መግዛት ነው። ድሬዳዋ ቀፊራም ሆነ ሐረር ሸዋ በር ገበያ ወርዶ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው መለያ ቀለም ነው፤ ጥሩ የሂና ዱቄት አረንጓዴ ሆኖ የደረቀ ሣር ሽታ ያለው ሲሆን፣ ወደ ቡናማነት ያዘነበለው በፀሐይና በዕድሜ ቀለሙን ያጣ ነው። ስለዚህ ከተከፈተና ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ጆንያ ይልቅ ጥላ ውስጥ የተቀመጠውን፣ የታሸገውን መምረጥ ይሻላል። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሸካራ በመሆኑ ቀጭን መሥመር ሲሳል ኮን የሚባለውን፣ ሊጡ ተጨምቆ የሚሳልበትን ሾጣጣ ከረጢት ቀዳዳ ይደፍናል። ማንኛውንም ዱቄት በጥሩ ጨርቅ ወይም በሴቶች ስስ ካልሲ ሁለት ጊዜ መንፋት ከብዙ ብስጭት ያድናል። ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ኮን ለወራት ያለ ማቀዝቀዣ ከተቀመጠ ውስጡ ሂና ብቻ እንዳልሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ንጹሕ የሂና ሊጥ በሙቀት ያን ያህል አይቆይምና።

በፈላ ውኃ ማቡካት ደግሞ ሻይ የማፍላት ልማድ ያመጣው ይመስለኛል። ላውሶን ከቅጠሉ የሚለቀው በመጠኑ ኮምጣጣ በሆነ ፈሳሽና በጊዜ ነው፤ የፈላ ውኃ ግን ቀለሙን ያዳክመዋል። ለጀማሪ የሚበቃ መጠን 20 ግራም ዱቄት፣ ወደ 60 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ለቆዳ የሚስማማ መዓዛማ ዘይት ነው። ፈሳሹ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ሊጡ እንደ ተመታ እርጎ ሲሆን ይቆማል። ቆዳዋ በሎሚ ለሚቆጣ ሰው የቀዘቀዘ ጥቁር ሻይ መጠቀም ይቻላል። ዘይቱን በተመለከተ የላቬንደር ዘይት ለብዙ ሰው የዋህ ሲሆን፣ የቅርንፉድ ዘይት ግን ቆዳን ስለሚያቃጥል በጠብታም ቢሆን አይመከርም።

እዚህ ላይ ሐረርና ድሬዳዋ ይለያያሉ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም የሙቀቱ ልዩነት የሂናውን ሰዓት ይለውጠዋል። ሐረር ጁገል ውስጥ በቀዝቃዛ ክፍል ያለች አክስት «ማታ አቡክተሽ ጠዋት ተቀቢ» ብትል ልክ ናት፤ በዚያ ሙቀት ሊጡ ቀለሙን ለመልቀቅ ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ በሎሚ ከተቦካም ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ያንኑ ምክር ይዛ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰፈር ያለች የእህቷ ልጅ በሞቃት ወር ብትሠራበት ግን፣ በሦስት አራት ሰዓት የደረሰው ሊጥ ሌሊቱን ሲዳከም ያድርና ጠዋት የምትቀባው ጉልበቱን ያጣውን ይሆናል። ስለዚህ በሰው ሰዓት ከመመራት ሊጡን ማየት ይበልጣል። ተሸፍኖ የተቀመጠው ሊጥ ከላዩ ቡናማ ሆኖ ከሥሩ አረንጓዴ ሲሆን ቀለሙ መውጣት ጀምሯል፤ ጥቂት መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠርጉት ደማቅ ብርቱካናማ ነጥብ ከተወ ደርሷል። የተረፈውን በድሬዳዋ ሙቀት ውጭ ማሳደር ከንቱ ነው። በኮን ሞልቶ በረዶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ለወራት ያቆየዋል፤ መብራት ሄዶ ከቀለጠ በኋላ ክፍል ውስጥ የዋለውን ግን በመዳፍ ሳይሞክሩ ለሙሽራ መቀባት አይገባም።

ቆዳውን አለማዘጋጀትም ቀለሙን ያሳንሳል። ቫዝሊን፣ ሎሽን ወይም ላብ ያለበት ቆዳ ሂናን አያስጠጋም፤ በሳሙና ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን ተቀምጦ መሳል ላብ ሊጡን እያንሸራተተ ስለሚያስቸግር ማለዳ ወይም ምሽት ይመረጣል። የተላጨ፣ የተቧጨረ ወይም የቆሰለ ቦታ ላይ አይቀባም። ቀለሙ የሚደምቀው ደግሞ ቆዳው ወፍራም በሆነበት በመዳፍና በውስጥ እግር ሲሆን፣ ወደ ክንድና ትከሻ ሲወጣ እየቀለለ ይሄዳል። የቆዩት እናቶች ጥሩ ሂና የሚለዩት መዳፍና የጣት ጫፍ በማቅለም የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ትከሻዋ ላይ ቢራቢሮ አስላ እንደ መዳፏ እንዲጠቁር የምትጠብቅ ወጣት ሂናውን ብትወቅስም ልዩነቱ የቆዳዋ ነው፤ ወደ ጥቁር ሂና የሚገፋውም ብዙ ጊዜ ይኸው ቅሬታ ነው።

ስለ አሳሳሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኮኑን ጫፍ አብዝቶ መቁረጥ መሥመሩን ያወፍራል፤ ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም የማይበልጥ ይበቃል። መጀመሪያ በመስተዋት ላይ መለማመድ፣ የሚሳልበትን እጅ ትራስ ላይ ማሳረፍ፣ የተሳሳተውንም ወዲያው በእርጥብ ጥጥ መጥረግ በቂ ነው። መሥመሩ ግን ከፍ ብሎ የተከመረ ይሁን፤ ስስ ሊጥ ቶሎ ደርቆ ስለሚረግፍ የሚተወው ቀለም ደካማ ነው።

ሊጡ ሲደርቅ ወዲያው መታጠብ በሰፊው የሚታይ ስህተት ነው። ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆይ። እንዳይረግፍ በሎሚና በስኳር ውሕድ በጥጥ ቀስ እያሉ ማርጠብ ይረዳል፤ ከበዛ ግን ሊጡ ፈስሶ ንድፉን ያደበዝዛል። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ አደጋ አለ፦ ሎሚ የነካው ቆዳ ለጠንካራ ፀሐይ ሲጋለጥ ሊቃጠልና ጥቁር እድፍ ሊያወጣ ስለሚችል «ፀሐይ ያድርቀው» ተብሎ በረንዳ ላይ መቀመጥ አይገባም። ሊጡ ሲነሣም በውኃ ሳይሆን በዘይት አለስልሶ በቢላ ጀርባ መፋቅ ነው። ከዚያ በኋላ ለ12 ሰዓት፣ ከተቻለም ለ24 ሰዓት ውኃ ባይነካው ይመረጣል፤ ለሚሰግዱ ደግሞ ሊጡን ከኢሻ (ከማታው ሶላት) በኋላ ተቀብቶ በሱብሒ (በንጋቱ ሶላት) ዋዜማ ማንሣት ከውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ከሚደረገው መታጠብ ጋር ያስማማል፤ ቀለም ብቻ ሲቀር ውኃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ አይከለክልምና።

ይህን ሁሉ ጠብቀው የሠሩት እንኳ ሊጡ ሲነሣ የካሮት ቀለም ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ አልያዘም ብለው ደግመው ይቀባሉ፣ ወይም የፀጉር ቀለም ፍለጋ ይወጣሉ። ላውሶን ከቆዳው ጋር ተያይዞ ከአየር ጋር እየተዋሐደ የሚጠቁረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እሑድ ሠርግ ያላት ሙሽራ ቅዳሜ ማታ ከተቀባች በሠርጓ ቀን ብርቱካናማ እጅ ይዛ ትቀርባለች፤ ሐሙስ ማታ ተቀብታ አርብ ጠዋት ያነሣች ግን እሑድ ላይ ደማቁን ታገኛለች።

ለሕፃናት መቀባት በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም በተፈጥሮ የጎደላቸው ሰዎች፣ በተለይ ጨቅላዎች፣ ንጹሕ ሂናም ቢሆን ቀይ የደም ሴላቸውን ሊያፈርስ ይችላል። ጉድለቱ መኖሩ በመልክ ስለማይታወቅ ለጨቅላ አለመቀባት ነው የሚያዋጣው። ለዒድ «እኔንም» ብለው ለሚያለቅሱ ከፍ ያሉ ልጆች ትንሽ አበባ ቢሳል ይበቃል፤ ለአዋቂም ቢሆን አዲስ ዱቄት ከሆነ ከክርን ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅ ተገቢ ነው። ሂና መጠበቅ ያቃታቸው በማርከር ወይም በኩል ሲስሉም ይታያል። ማርከር ለወረቀትና ለካርቶን የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ባህላዊ ኩል ደግሞ እርሳስ የተባለው ጎጂ ብረት ስላለበት እጁን አፉ ውስጥ በሚከት ልጅ ላይ መሳል አይገባም።

እንሶስላን ከሂና ጋር መቀላቀልም አልፎ አልፎ ይሞከራል። እንሶስላ የደጋ ተክል ሲሆን እጅና እግር ለማቅላት የሚያገለግለው ሥሩ ነው፤ የራሱ አዘገጃጀት ስላለው የሂናን መጠንና ሰዓት ለእርሱ ማዋል ሁለቱንም ያበላሻል።

በመጨረሻ ንድፉ አልማረም ብለው በበረኪና የሚፍቁ አሉ። በረኪና ቆዳውን ያቆስላል፤ የቆሰለውም ጠቁሮ ሊድን ስለሚችል ሂናው በሁለት ሳምንት የሚለቀውን እድፍ ለወራት ያስቀረዋል። ቀለሙ የሚለቀው የላይኛው የሞተ ቆዳ ሲረግፍ በመሆኑ፣ እጅን ሞቅ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ በዘይትና በደቃቅ ጨው በለሆሳስ ማሸት፣ ይህንንም በየቀኑ አንድ ጊዜ መድገም ቶሎ ያደበዝዘዋል።