ፋፍሳ «ራሴን ችያለሁ» አይገባውም

አሜሪካ ገብቼ ኮሌጅ ልጀምር ስል 21 ዓመቴ ነበር። ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። የደመወዝ ወረቀቴንና የቤዝመንት ኪራይ ደረሰኜን በፕላስቲክ ፎልደር ይዤ፣ ፋፍሳ ልሞላ (የመንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ የሚጠየቅበት ቅጽ ነው) የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ፎልደሩን እንኳ አልከፈተችውም። «መቼ ተወለድክ?» አለችኝ። ነገርኳት። «እንግዲያው የወላጆችህን ገቢ አምጣ።»

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው የእኔ ነው። እኛ ዘንድ ራሱን የቻለ ማለት ሠርቶ የሚበላ፣ ኪራዩን የሚከፍል ሰው ነው። ፋፍሳ «ኢንዲፔንደንት» (የወላጅ ገቢ የማይጠየቅ ተማሪ) ሲል ግን ስለ ኪራይ አይደለም። ለ2026–27 የትምህርት ዓመት ከጃንዋሪ 1፣ 2003 በፊት ተወልዳችኋል ወይ? አግብታችኋል? ከግማሽ በላይ ወጪውን የምትሸፍኑለት ልጅ አላችሁ? ወታደር ናችሁ ወይም ነበራችሁ? የምትማሩት ማስተርስ ነው? ከ13 ዓመታችሁ በኋላ ወላጅ አልባ ወይም በፎስተር ኬር (መንግሥት በሌላ ሰው ቤት በሚያሳድግበት) ነበራችሁ? ከነዚህና ከመሰሎቻቸው አንዱ ከበቂ በላይ ነው። አንዱም ከሌለ ሦስት ሥራ ብትሠሩም ዲፔንደንት (የወላጅ ገቢ የሚጠየቅ) ናችሁ። (የልደት ቀናችሁ ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተዛብቶ ከሆነ፣ የሚታየው ወረቀታችሁ ላይ ያለው ነው።)

«ቤተሰቤ ታክስ ሲሞሉ በእነሱ ሥር አላስገቡኝም» የሚለውም አይሠራም። የታክስ ሕግ ሌላ፣ የፋፍሳ ሕግ ሌላ።

አጎት ቤት ያደጋችሁ ደግሞ ልብ በሉ። አጎት፣ አክስት፣ ታላቅ ወንድም ቢያሳድጓችሁም፣ በሕግ ጉዲፈቻ ካላደረጓችሁ ፋፍሳ ላይ ወላጅ አይደሉም። የአጎትን ገቢ በወላጅ ቦታ መሙላት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ለራሳችሁ ነው። አጎት በዶላር ነው የሚሠራው፤ ገቢው ከፍ ሲል እርዳታችሁ ይቀንሳል። ፍርድ ቤት ሞግዚት አድርጎ ከሾመው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ እናንተ ኢንዲፔንደንት ናችሁ።

«ወላጆቼ ኢትዮጵያ ናቸው፣ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) የላቸውም» ብሎ ወላጅን መዝለልም አለ። የትም ይኑሩ ወላጅ ናቸው። በእኔ ጊዜ የፊርማውን ገጽ ደሴ ልኬ እናቴ ፈርማ እስክትመልስ ስንት ሳምንት ጠበቅኩ! ከ2024–25 ወዲህ ግን ያለ ሶሻልም ኦንላይን አካውንት መክፈት ይችላሉ። ገቢያቸው ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይሞላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚሳሳተው፤ ከወላጅ ለመሸሽ ይሟገታል እንጂ አያሰላም። የእናቴ ጡረታ ሲመነዘር፣ ከማነሱ የተነሣ የቢሮዋ ሴትዮ ደግማ አየችው። ገቢው ትንሽ ሲሆን ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት እርዳታ ይጨምራል፤ ለ2025–26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር፣ እንደ ብድር ተመልሶ አይከፈልም።

አንዳንዱ ደግሞ መብቱን ሳይጠይቅ ይቀራል። ጥገኝነት አግኝታችሁ ወይም በስደተኛነት ገብታችሁ ከወላጅ የተለያያችሁ፣ ከጥቃት ሸሽታችሁ የወጣችሁ፣ ወላጃችሁ የታሰረ ከሆነ ቅጹ ላይ ስለ ልዩ ሁኔታ የሚጠይቅ ቦታ አለ። «አዎ» ስትሉ ለጊዜው ኢንዲፔንደንት ትሆናላችሁ፤ ማስረጃ አይቶ የሚወስነው ኮሌጁ ነው። የጥገኝነት ወረቀት፣ የሶሻል ወርከር ወይም ታሪካችሁን የሚያውቅ ቄስ ደብዳቤ ይረዳል። «ወላጆቼ መክፈል አይፈልጉም» ብቻውን ግን አይበቃም። መረጃ አንሰጥም ካሉም ሊፈቀድላችሁ የሚችለው ከመጀመሪያው ቀን ወለድ የሚቆጥረው ብድር ብቻ ነው።

ኢንዲፔንደንት ለመባል ሲባል የሚደረገውን የወረቀት ጋብቻ ነገር ባጭሩ ልለፈው። ፋፍሳ ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 20,000 ዶላር ያስቀጣል፤ እስርም አለበት። ቀለበት ማሰርም እንደ ጋብቻ አይቆጠርም።

ኮሌጁ ኢንዲፔንደንት ናችሁ ካላችሁ፣ ሁኔታችሁ እስካልተለወጠ እዚያው ኮሌጅ በሚቀጥለው ዓመትም ይጸናል። ኮሌጅ ስትቀይሩ ግን አዲሱ ኮሌጅ ራሱ ነው የሚወስነው። እና የደብዳቤዎቹን ኮፒ አትጣሉ። ፎልደሩ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።