ዳገቱ ካለቀ በኋላ ዳገት የሚያሳይ የሳይክል ኮምፒውተር፦ ችግሩና መፍትሄው

ከአዳማ ወደ አዋሽ መልካሳ ወረዳችሁ። አዋሽን ተሻገራችሁ። የዴራ ዳገት እግራችሁን ያዘ። መሪው ላይ ያሰራችሁት ኮምፒውተር ስክሪን ግን 0 ፐርሰንት ይላል፤ ፐርሰንቱ በ100 ሜትር መንገድ ስንት ሜትር እንደወጣችሁ ነው። መንገዱ ተስተካክሎ መተንፈስ ስትጀምሩ 6 ፐርሰንት ብሎ ብቅ ይላል። ይህን ችግር ይዞ የሚመጣ ብስክሌተኛ አጥቼ አላውቅም። ባትሪውን፣ ሳተላይቱንና አፕዴቱን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልጀምር።

መጀመሪያ የትኛው መዘግየት እንደሆነ ለዩ

አንዱ መዘግየት የዕቃው ተፈጥሮ ነው። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ ሴንሰር) ያለው ኮምፒውተር ከፍታን የሚያውቀው በአየር ግፊት ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ 10 ሜትር ስትወጡ ግፊቱ የሚቀንሰው 1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ብቻ ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ 5 ፐርሰንት ዳገት ብትወጡ ደግሞ በሴኮንድ የምትጨምሩት ከፍታ 25 ሳንቲሜትር ነው። ይህቺን ለውጥ ከንፋሱ ለመለየት መሣሪያው የብዙ ሴኮንድ ንባብ ሰብስቦ አማካዩን ይወስዳል። ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ቢዘገይ ጤነኛ ነው። በ8 ሴኮንድ 40 ሜትር ሄዳችኋል፤ አጭር ጉብታ ቁጥሩ ሳይመጣ ያልቃል። ለዚህ ብላችሁ ዕቃውን አታስፈቱ።

ሌላው መዘግየት ግን ብልሽት ነው። ለመለየት ደረጃ ውጡ። ኮምፒውተሩን ከሳይክሉ ነቅላችሁ በእጃችሁ ያዙ፣ የከፍታውን ገጽ ክፈቱና አራት ፎቅ ውጡ። 12 ሜትር ያህል ነው። ላይ ቆማችሁ ትንፋሽ እስክትሰበስቡ ቁጥሩ ከደረሰ ሴንሰሩ ደህና ነው። ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ እየተንፏቀቀ ከመጣ የአየር ቀዳዳው ተደፍኗል።

የተደፈነ ቀዳዳ

እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ይኼው ናቸው። በኮምፒውተሩ ጀርባ ወይም ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ግፊቱ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው በእሷ ነው። የአዳማ አቧራ ከላብ ጋር ሲቀላቀል እንደ ጭቃ ይለጠፍባታል። ከጠርሙስ የሚንጠባጠብ ጁስ ደግሞ ይብሳል፤ ሲደርቅ ሙጫ ነው። አየሩ ጨርሶ አይቆምም፣ ቀስ እያለ ይገባል። ቁጥሩ ዘግይቶ የሚመጣው ለዚህ ነው።

አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሶብኛል። ባጸዳሁለት ቁጥር እኔ ጋ ይሠራል፣ መንገድ ላይ ይዘገያል። በመጨረሻ ካቨሩን እንዳጠለቀ አምጣው አልኩት። ርካሽ የሲሊኮን ካቨር ነው፤ ለቀዳዳዋ ምንም ክፍተት አልተውለትም። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ከፍታው በብዙ ሜትር ወረደ፤ ስለቀው ተመለሰ። አየሩ ውስጥ ታፍኗል ማለት ነው። እናንተም እንዲህ ሞክሩት። ካቨር ሻጮች እባካችሁ ይህን አይታችሁ አምጡ። አንዲት ቀዳዳ መብሳት ምን ያህል ወጪ ነው?

ለማጽዳት ካቨሩን አውልቁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የቻርጀሩን ላስቲክ በደንብ ዝጉ። ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩና ለ10 ደቂቃ ንከሩት። በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። ቀዳዳዋን ወደ ታች አድርጋችሁ ደረቅ ጨርቅ ላይ አሳድሩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ላስቲኩ የተቀደደ ከሆነ ፈጽሞ አትንከሩት፤ በረጠበ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ቀዳዳዋን ጥረጉ።

መርፌ አታስገቡ። ከቀዳዳዋ ኋላ ስስ ሽፋን አለ፤ አንዴ ከተበሳ ውሃ ይገባል። ዘይትም አትርጩ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ደግሞ በጭራሽ! «ጋሼ፣ ትንሽ አየር ብቻ ነው ያስነፋሁት» ያለኝ ሰው ነበር። ሽፋኑ ተቀዶ ከፍታው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሳይክሉን ላቫጆ የምትወስዱም ኮምፒውተሩን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። ያ ውሃ ለመኪና ጎማ የተሠራ ነው።

ዝናብ ላይ የዘገየ ከሆነ የውሃ ጠብታ ነው። ነቅነቅ አድርጉት፣ በጨርቅ አስነኩት።

ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ

ንፋስ ነው። በአዳማ ዙሪያ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ቀዳዳዋን ፊት ለፊት ቢመታ ግማሽ ሄክቶፓስካል ያህል ይጨምራል፤ ይህም የ5 ሜትር ስህተት ነው። አጠገባችሁ የሚያልፍ ከባድ መኪናም እንዲሁ ያደርጋል። ኮምፒውተሩን ከመሪው ፊት ካለው ማሰሪያ አንስታችሁ ወደ መሪው አንገት መልሱት፤ ሲቀንስ አይቻለሁ።

ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት ስትመለሱ ቤታችሁ 20 ወይም 30 ሜትር ከፍ ካለ አትደንግጡ። በኛ አካባቢ የአየር ግፊት በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይጨምራል፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ይቀንሳል። መሣሪያው ልዩነቱን ከፍታ አድርጎ ያነበዋል። በወጣችሁ ቁጥር አስተካክሉት። ከማስተካከላችሁ በፊት ግን ውጭ አየር ላይ 15 ደቂቃ ይቀመጥ።

ባሮሜትር የሌለው ርካሽ ኮምፒውተር ከፍታን የሚገምተው በጂፒኤስ ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ከፍታ ላይ ከሁሉ በላይ ይሳሳታል። በጽዳት አይድንም። ሳትገዙ ጠይቁ።

ከፍታው በጊዜው መጥቶ ፐርሰንቱ ብቻ ከተንገዳገደ ችግሩ የርቀት ነው፤ ፐርሰንቱ የሚሰላው ከፍታው ለርቀቱ ተካፍሎ ነውና። የጎማውን ዙር የሚቆጥር ሴንሰር ግጠሙ፣ የጎማውን ዙሪያም በትክክል አስገቡ። 700 በ25 የሚል መጠን ለተጻፈበት ጎማ 2,105 ሚሊ ሜትር ነው።

ሁሉንም ከጨረሳችሁ ወደ አሰላ ውጡ። መልካሳ 1,550 ሜትር ገደማ ነው፣ አሰላ ሳትደርሱ ያለችው ኩሉምሳ 2,200 ገደማ። መነሻው ተሳስቶ ቢሆን እንኳ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 650 መጠጋት አለበት። 20 ወይም 30 ሜትር ቢዛነፍ አየሩ ነው። መቶና ከዚያ በላይ ከጎደለ ግን ሴንሰሩ ራሱ ተበላሽቷል፤ ያኔ ውሃና ሳሙና አይመልሰውም።