በድሬዳዋ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ለመሥራት፤ ከግዙፎቹ የሚወሰድ ብልሃት

ምድር ላይ የሚቆም ቴሌስኮፕ፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ሁለት ጠላት አለው፦ የራሱ ክብደትና ከበላዩ ያለው አየር። ቺሊ ውስጥ በአርማዞኔስ ተራራ ላይ፣ በ3046 ሜትር ከፍታ እየተገነባ ያለው ኢኤልቲ የተባለ ግዙፍ ቴሌስኮፕ የ39 ሜትር ዋና መስታወቱ ከ798 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ይገጣጠማል። የአንዱ ቁራጭ ስፋት 1.4 ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዳይጎብጥ ከሥሩ በ27 ነጥብ ይደገፋል፣ አቅጣጫውን ደግሞ ሦስት ማንሻዎች ያስተካክሉለታል። እኛ የምንሠራው መስታወት የሚስተካከለውም በሦስት ብሎን ነው። ልኩ ቢለያይም ችግሩ ያው ስለሆነ፣ ከታች ያለው አሠራር ግዙፎቹ የሚያደርጉትን በአናጢ ቤት አቅም ይከተላል።

ከውጭ የሚመጡት ዕቃዎች አራት ናቸው። አንደኛው ዲያሜትሩ 150 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎድጓዳ መስታወት ነው። ሁለተኛው ብርሃኑን ወደ ጎን የሚያዞር፣ አጭር ወርዱ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞላላ ጠፍጣፋ መስታወት፣ ሦስተኛው የዓይን ሌንሱ የሚገባበት ባለ 31.75 ሚሊ ሜትር ምስል ማጥሪያ ቱቦ፣ አራተኛው 25 እና 10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንሶች ናቸው። በ25ቱ 48 እጥፍ፣ በ10ሩ 120 እጥፍ ያጎላል። የግድግዳ መስታወት ቆርጦ መተካት አይሠራም። አንጸባራቂ ሽፋኑ ከጀርባው ስለሆነ ኮከቡን ሁለት ያደርገዋል፤ የቴሌስኮፕ መስታወት አልሙኒየሙ ፊቱ ላይ ነው፣ ስለዚህም በጣት አይነካም።

የቀረው ሁሉ ከተማው ውስጥ ይገኛል። ለቱቦው ባለ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ ለመቆሚያው ግማሽ ባለ 18 ሚሊ፣ ቪኒል ኮላ፣ ሦስት ረጃጅም ብሎን ከነዳዶና ከነሞላው፣ ሲሊኮን፣ ስስ ላሜራ፣ ቁራጭ ፎርማይካ፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም፣ ከአናጢው ደግሞ አንድ ላስቲክ ሰጋቱራ። ባለ 200 ሚሊ የፕላስቲክ ቱቦ ለሥራ ይቀላል፣ ግን ለድሬዳዋ አንመክረውም። ፀሐይ ላይ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል። አራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን ይሻላል።

መጋዝ ከመንካታችሁ በፊት የመስታወቱን ትክክለኛ የትኩረት ርቀት ለኩ። ሻጩ 1200 ብሎ ቢጽፍም አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል። ጨረቃ በወጣችበት ማታ መስታወቱን ወደ እርሷ አዙራችሁ ነጸብራቁን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ፤ የጨረቃዋ ጠርዝ ጥርት የሚልበትን ርቀት በሜትር ለኩ። ከዚያ ላይ 180 ሚሊ ሜትር ቀንሱ፦ የቱቦው ግማሽ 95፣ የእንጨቱ ውፍረት 12፣ የቀረው የማጥሪያው ቁመት። የማጥሪያችሁ ቁመት ከዚህ ከተለየ ሂሳቡን አስተካክሉ። ልኩ 1200 ከሆነ፣ የማጥሪያው ቀዳዳ መሃል ከመስታወቱ ፊት 1020 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል።

ሳጥኑ ከውስጥ 190 በ190፣ ርዝመቱ 1250 ሚሊ ሜትር ይሁን። መስታወቱ ከታች ጫፍ 80 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ ቀዳዳው ከታች በ1100 ላይ ይሆናል። ውስጡን ጥቁር ቀቡትና ቀለሙ ሳይደርቅ ሰጋቱራውን በትኑበት፤ ሲደርቅ አራግፋችሁ እንደገና ቀቡ። ለስላሳ ጥቁር ግድግዳ የመንገድ መብራትን በጎን እየተቀበለ ወደ ሌንሱ ያንሸራትተዋል፤ ሻካራው ግን ይውጠዋል። ይህን ሥራ የዘለለ ሰው ደብዛዛ ኔቡላዎችን (በኮከቦች መካከል ያሉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎችን) ከከተማው ውስጥ አያያቸውም።

መስታወቱ የሚያርፍበት ክብ እንጨት ላይ፣ ከመሃል 5 ሴንቲ ሜትር ርቀው በእኩል የተቀመጡ ሦስት የሲሊኮን ጠብታዎች አድርጉ። ውፍረታቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። መስታወቱን በክብደቱ ብቻ አሳርፉትና ሙሉ ቀን ተዉት። እንዲጠብቅ ብላችሁ በኤፖክሲ ብትለጥፉት ወይም በጎን ብታጣብቁት መስታወቱ በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጥና ኮከቡ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ክቡ እንጨት በሦስቱ ብሎንና ሞላ ከሳጥኑ ወለል ጋር ይያያዛል። ብሎኖቹ 3 ሴንቲ ሜትር የሚያስኬድ ክር ይኑራቸው፤ ምስሉ የሚጠራው የዓይን ሌንሱን ከማጥሪያው ወደ ውጭ ስትስቡ ብቻ ከሆነ መስታወቱን ወደ ታች፣ ሌንሱ እስከ መጨረሻው ገብቶም ካልጠራ ወደ ላይ ታንቀሳቅሱታላችሁ። አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት ያድናችኋል።

ትንሹ መስታወት በ45 ዲግሪ በተቆረጠ ድቡልቡል እንጨት ላይ፣ እንዲሁ በሦስት የሲሊኮን ጠብታ ይለጠፍ። እንጨቱን አራት የላሜራ ክንፎች ጠርዛቸውን ወደ ሰማይ አድርገው በማጥሪያው ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ በሳጥኑ መሃል ላይ ወጥረው ይያዙት።

መቆሚያው ቱቦው የሚገባበት ከፊትና ከላይ ክፍት ሳጥን ነው። ከባለ 160 ሚሊ የፍሳሽ ቱቦ ሁለት ቀለበት ቁረጡና በቱቦው ግራና ቀኝ፣ ክብደቱ እኩል በሚሆንበት ቦታ ግጠሙ። የክብደት መሃሉን የምትፈልጉት ሌንስና መስታወት ሁሉ ከገባ በኋላ ነው። ቀለበቶቹ የሚያርፉት በቴፍሎን ቁራጭ ላይ ነው፤ ቴፍሎን ከጠፋ ነጩ የፕላስቲክ መክተፊያ ይተካዋል። ከሥር ደግሞ ፎርማይካ በሦስት ቁራጮች ላይ ይሽከረከራል፣ ቁራጮቹም በትክክል ከሦስቱ እግሮች በላይ ይሁኑ። ከእግሮቹ ውጭ ከዋሉ ወለሉ ይረግብና በነካችሁት ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ አየሩ። ባለ 15 ሴንቲ ሜትር መስታወት በብርሃን ሕግ አንድ አርክ ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል) ያህል ዝርዝር መለየት ይችላል። ባለ 39 ሜትሩም አየሩን ካላሸነፈ ከዚህ ብዙ የተሻለ አያይም፤ የሚጨምረው ብርሃን ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው ኢኤልቲ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ስፋቱ 2.4 ሜትር የሆነ መስታወት የሚገጠምለት። ከጀርባው ያሉ ከ5000 በላይ ገፊዎች በሰከንድ እስከ 1000 ጊዜ ቅርጹን እየለወጡ የአየሩን መንቀጥቀጥ ይሰርዛሉ።

ታዲያ ሁሉም ለምን ወደ ጠፈር አይላክም? የጠፈር ቴሌስኮፑ ጄምስ ዌብ ከአየር በላይ ነው፤ የውሃ ትነት ምድር ላይ የሚያግደውን ሙቀት አዘል ጨረር በግልጽ ያያል። በዚህ ረገድ ምድር ላይ ያለ አንዳችም ቴሌስኮፕ አይተካከለውም። ግን 6.5 ሜትር መስታወቱ በሮኬት አፍ ውስጥ እንዲገባ መታጠፍ ነበረበት፣ ወጪውም 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ብርሃን ሰብሳቢ ስፋቱ 25 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን የኢኤልቲው ወደ 978 ነው። ጥገናም አለ። ሌላው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሀብል በ1990 ሲመጥቅ የመስታወቱ ጠርዝ በ2.2 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ከልክ በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ፤ በታኅሣሥ 1993 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሰዎች ወጥተው አስተካከሉት። ዌብ ያለበት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ግን ማንም ጠጋኝ አይደርስም። የምድሩ መስታወት ሲቆሽሽ ይታጠባል፣ መሣሪያው ሲያረጅ ይቀየራል። ሁለቱ ሥራ የሚከፋፈሉ እንጂ የሚተካኩ አይደሉም።

እኛ ገፊ የለንም፤ የአየሩ ቅርብ ክፍል ግን በእጃችን ነው። ትልልቆቹ ጉልላቶች ቀን ላይ የሚቀዘቅዙት መስታወቱ ሌሊቱን በሌሊቱ ሙቀት እንዲጀምር ነው። ድሬዳዋ ላይ ቤት ውስጥ የዋለ መስታወት ውጭ ሲወጣ ከፊቱ ሞቃት አየር ይነሳበታል፤ ጁፒተርን ብታዩ በሚፈስ ውሃ ሥር ያለች ሳንቲም ትመስላለች። ከማየታችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አውጡት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ፋን ግጠሙለት። ሲሚንቶ ሰገነት ላይ አታቁሙት፣ በጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሻግራችሁም አትመልከቱ። ሁለቱም የቀኑን ፀሐይ እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋሉ። አፈር ወይም ሣር ይሻላል።

መስመር ማስያዙ የመጨረሻው ሥራ ነው። በመስታወቱ መሃል ትንሽ ነጥብ ተደርጎ ይመጣል፤ ከሌለ በጥንቃቄ አድርጉ። የዓይን ሌንሱን አውጡና መሃሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የተበሳ ክዳን አስገቡ። በቀዳዳው ስታዩ መጀመሪያ ትንሹን መስታወት እያዞራችሁ ነጥቡን መሃል አምጡ፣ ከዚያ በሦስቱ ብሎን የራሳችሁን ቀዳዳ ነጸብራቅ ነጥቡ ላይ አሳርፉ። ማታ ደማቅ ኮከብ ያዙና ምስሉን በጥቂቱ አደብዝዙ። ክብ በክብ ውስጥ ከታየ ጨርሳችኋል። ክቦቹ ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ብሎኑ ገና ነው፤ ሦስት ማዕዘን ከሆኑ ሲሊኮኑ ጨምድዶታል፤ ከአንድ ጎን እንደ ሻማ ነበልባል የሚወዛወዝ ነገር ካለ መስታወቱ አልቀዘቀዘም።

አቧራ ቢያርፍበት አትጥረጉት፣ ይቧጭረዋል። ብዙ ካልሆነ ተዉት፤ ከበዛ የተጣራ ውሃ አፍስሱበትና አዘንብላችሁ አድርቁት። ወደ ፀሐይ ደግሞ በፍጹም አታዙሩት፤ ዓይን ለቅጽበት ያህል እንኳ አይተርፍም።

የድሬዳዋ ደቡብ በተራራ የተዘጋ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል 1900 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ይቀላል። ከመብራት ርቃችሁ ደቡቡ ገላጣ የሆነ ቦታ ካገኛችሁ፣ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከአድማሱ አንድ ጭብጥ በላይ በ25ቱ ሌንስ ፈልጉ። ትልቁ የማጄላን ደመና የሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ እዚያ አለ።