የጥቁርና የነጭ ልዩነት ሲነሳ ደጋግመን የምንስታቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ የጥቁሮች የሥራ አጥነት መጠን ከነጮቹ እጥፍ ገደማ ነው። መንግሥት የጥቁሮችን ቁጥር ለብቻው መመዝገብ ከጀመረበት ከ1972 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ልዩነቱ አንዴ ሰፋ፣ አንዴ ጠበብ ይላል እንጂ ጠፍቶ አያውቅም። ትምህርት ቤትም ተመሳሳይ ክፍተት አለ።

ይህ ወሬ ሠርግ ላይ ወይም ቡና ላይ ሲነሳ ሐበሻ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉት። አንዱ «መሥራት አይወዱማ!» ነው። ሌላው «ዘረኝነት ነው፣ በቃ» ነው። የመጀመሪያው ስም ማጥፋት ነው። ሁለተኛው እውነት አለበት፣ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አይነግረንም። መካከል ላይ የሚሳቱትን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

«እኛ በባዶ እጃችን መጥተን ተለወጥን፣ እነሱስ?»

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው፤ ከሁሉም የሚያስተዛዝበውም ይሄ ነው። እውነት በባዶ እጃችን ነው የመጣነው?

ዲቪን እንውሰድ። በ1990 በወጣ ሕግ የመጣ ሎተሪ ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው ቪዛ ለማግኘት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ መሆን አለበት። ካልሆነም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ላይ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ከዚያ የሕክምና ምርመራ አለ፣ የቪዛ ክፍያ አለ፣ የአውሮፕላን ቲኬት አለ፣ የሚቀበል ዘመድ መፈለግ አለ። ይህን ሁሉ አልፎ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርደው ሰው ተራው የኢትዮጵያ ሰው አይደለም። ተራው ሰው ገጠር ነው ያለው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደጃፍ አልደረሰም። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጣውም ቢሆን መንገዱ ራሱ ወንፊት ሆኖበታል።

ጥቁር አሜሪካዊው በዚህ ወንፊት አላለፈም። አሜሪካ የተወለደው ሁሉ ቁጥሩ ውስጥ ይገባል። ጎበዙም፣ ሰነፉም፣ የታመመውም ይቆጠራል። ተመርጠው የመጡትን ካልተመረጠ ሕዝብ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። መወዳደር ካማረን አገር ቤት ከቀረው ሕዝብ ጋር እንወዳደር።

ደግሞ በሩን ማን ከፈተው? የሲቪል መብቶች ሕግ የወጣው በ1964 ነው። አፍሪካና እስያን ዘግቶ የቆየውን የኮታ አሠራር ያፈረሰው የኢሚግሬሽን ሕግ በዓመቱ ተከተለ። ለዚህ ዱላውን የቀመሱት፣ እስር ቤት የገቡት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እኛ በተከፈተ በር ነው የገባነው።

ስንቱስ «ተለወጠ»? ዲግሪ ይዞ ታክሲ የሚነዳ፣ አገር ቤት ሐኪም የነበረና እዚህ ፓርኪንግ የሚሠራ ሞልቷል። ወረቀቱን የሚቀበለው ስላጣ ነው። እሱን ግን ሰነፍ ብሎ የሚያማው የለም።

«ባርነት እኮ ድሮ ቀረ»

በ1865 ቀርቷል፣ ልክ ነው። የዛሬውን ልዩነት ይበልጥ የሚያስረዳው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ በተለይ የቤት ጉዳይ።

በ1930ዎቹ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የከተሞችን ካርታ በቀለም ከፋፍሎ አዘጋጀ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ቀይ ተቀባ። ቀይ ማለት ለብድር አስጊ ማለት ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርም እንዲህ ላሉ ሰፈሮች የብድር ዋስትና ይነፍግ ነበር። በ1944 ደግሞ ከጦርነት የሚመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ዋስትና ቤት እንዲገዙ ሕግ ወጣ። ሕጉ ጥቁር ነጭ አይልም። ብድሩን የሚሰጠው ግን የአካባቢው ባንክ ነው። በ1947 በ13 የሚሲሲፒ ከተሞች በዚህ ዋስትና ለቤት፣ ለንግድና ለእርሻ ከተሰጡት 3,229 ብድሮች ለጥቁሮች የደረሱት 2 ናቸው። ሁለት ሺህ አላልኩም፤ ሁለት።

በቤት ላይ የሚደረግ መድልዎ በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። ያኔ ቤት መግዛት የተከለከሉት ሰዎች ልጆች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ጡረታ እየወጡ ነው። የተራ አሜሪካዊ ቤተሰብ ሀብት ደግሞ በአብዛኛው ቤቱ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ (ፌዴራል ሪዘርቭ) በ2022 ባካሄደው ጥናት የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ የጥቁሩ 44,900። ልጅ ኮሌጅ ሲገባ አንዱ ቤቱን አስይዞ ይከፍላል፣ ሌላው ልጁን ዕዳ ውስጥ ይከታል። ሁለቱም እኩል ደሞዝ ቢኖራቸውም እንኳ።

ትምህርት ቤቱም ከቤቱ ጋር የተሳሰረ ነው። የትምህርት ቤት በጀት ዋና ምንጭ በብዙ ቦታ የአካባቢው የንብረት ግብር ነው። ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ያሉ ድሃ ወላጆች ይሄ ፍትሐዊ አይደለም ብለው ከሰሱ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የዲትሮይትን ልጆች በከተማዋ ዙሪያ ካሉት የነጭ ትምህርት ቤቶች ጋር የሚያቀላቅለውን ዕቅድ ጣለው፤ አሁንም አምስት ለአራት። የስቴትና የፌዴራል ገንዘብ የበጀቱን ክፍተት በብዙ ቦታ ያጠበዋል፣ ይሄን መካድ አይገባም። ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ቤት ስንት እንደሚሸጥ ዋሽንግተን አጠገብ ባሉት ሞንትጎመሪ ወይም ፌርፋክስ ካውንቲ ቤት የፈለገ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል።

«ዲግሪ ይያዙ፣ ያኔ ያልቃል»

ዲግሪ ይረዳል። አይጨርሰውም። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ ማስታወቂያዎች 5,000 ያህል የፈጠራ ሲቪ ላኩ። ሲቪዎቹ ላይ በዕጣ የሚቀያየረው ስሙ ነበር፦ የነጭ የሚመስሉት ኤሚሊና ግሬግ፣ የጥቁር የሚመስሉት ላኪሻና ጀማል። የነጭ የሚመስል ስም ያላቸው 50 በመቶ የበለጠ ተጠሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዴቫ ፔጀር የተባለች ሶሲዮሎጂስት ሚልዋኪ ውስጥ ሥራ ፈላጊ የሚመስሉ ወጣቶችን በአካል ልካ የደረሰችበትን አሳትማ ነበር። የወንጀል ሪከርድ አለኝ ያለው ነጭ ከ100 ማመልከቻ 17 ጊዜ ተጠራ። ምንም ሪከርድ የሌለበት ጥቁር 14 ጊዜ። ደግማችሁ አንብቡት።

እዚህ ጋ ግን የሌላው ወገን ስህተት ይመጣል፦ «ቀጣሪ ሁሉ አንድ ነው»። አይደለም። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ለ108 ታላላቅ ኩባንያዎች 83,000 ያህል ማመልከቻ ልኮ ያየው ነገር አለ። መድልዎው እኩል አልተበተነም። ጥቁሮች ካጡት ጥሪ ግማሽ ያህሉን የሚይዙት ከኩባንያዎቹ አንድ አምስተኛው ናቸው። ቅጥራቸውን በማዕከል የሚመሩት ሻል ብለው ተገኝተዋል። ይሄ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ የት መፈተሽ እንዳለበት ይጠቁማላ።

ክፉ ሰው ብቻ መፈለግ

ሥራ የሚገኘው ሰው በሰው ነው። ይሄን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ዋሽንግተን ውስጥ አንዱ ፓርኪንግ ይገባል፣ የአክስቱን ልጅ ያስገባል፣ እሱ ደግሞ ጓደኛውን። ማንም ማንንም አልጠላም። እዚያ ሰው የሌለው ግን ክፍት ቦታ መኖሩንም አይሰማም። ያው ነገር ባንክና ሕግ ቢሮ ውስጥ ሲሆን፣ ትናንት ነጭ ብቻ የነበረው ቢሮ ነገም አብዛኛው ነጭ ሆኖ ይቀጥላል።

መስፈርትም ያው ነው። ዱክ ፓወር የሚባል የመብራት ኩባንያ በሰሜን ካሮላይና ጣቢያው ጥቁሮችን የሚያሠራው ዝቅተኛው ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። መድልዎን የሚከለክለው የቅጥር ሕግ ጁላይ 2 ቀን 1965 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያኑ ቀን ኩባንያው ለተሻለው ሥራ የፈተና ውጤት መጠየቅ ጀመረ! ፈተናው ከሥራው ጋር አይገናኝም። ቀድመው የገቡት ነጮች ሳይፈተኑ ሥራቸውን በደንብ ይሠሩ ነበር። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሥራው ጋር የማይገናኝ መስፈርት ጥቁሮችን የሚያስቀር ከሆነ፣ ክፋት ባይታሰብበትም ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ።

የልጁን ውጤት አይቶ ልጁ ላይ መፍረድ

ፍሎሪዳ ውስጥ ብሮዋርድ የሚባል ካውንቲ አለ። ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች በሚሰጠው ፕሮግራም ውስጥ ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) እምብዛም አልነበሩም። ለፕሮግራሙ የሚታጨው መምህሩ ወይም ወላጁ የጠቆመው ልጅ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ግን የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ እንዲፈተኑ ተደረገ። የተመረጡት ጥቁር ልጆች ቁጥር 80 በመቶ፣ የሂስፓኒኮቹ 130 በመቶ ጨመረ። ልጆቹ ድሮም እዚያው ነበሩ። የሚጠቁማቸው ነው የጠፋው። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ እንግሊዝኛው የሚያስፈራው ወላጅ እንዲህ ዓይነት ጥቆማ መኖሩን ከየት ይሰማል? የእኛ ልጆችም ከእነዚህ መሀል ናቸው። መምህሯን በቀጥታ «ልጄ ይፈተንልኝ» ማለት ይቻላል፤ አያሳፍርም።

ቅጣቱም አለ። በ2013–14 የትምህርት ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው 15.5 በመቶ ነበሩ። ከትምህርት ከታገዱት ግን 39 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። ሀብታም ትምህርት ቤትም ድሃ ትምህርት ቤትም ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ ያልተቀመጠ ልጅ ደግሞ ምን ሊማር ነው?

መልካም ሐሳብ ሁሉ ይሠራል ብሎ ማመን

የኒው ጀርሲ ስቴትና የኒው ዮርክ ከተማ፣ የሥራ ማመልከቻ ላይ «በወንጀል ተቀጥተው ያውቃሉ?» የሚለውን ጥያቄ ከለከሉ። ታስቦ የነበረው ጥቁር ወንዶችን ለማገዝ ነው። ሁለት ተመራማሪዎች ከሕጉ በፊትና በኋላ 15,000 ያህል ማመልከቻ ላኩ። ቀድሞ ጥያቄውን ይጠይቁ በነበሩት ቀጣሪዎች ዘንድ የነጮች የጥሪ ብልጫ ከ7 በመቶ ወደ 43 በመቶ አሻቀበ። መልሱን የተነፈገው ቀጣሪ በስም መገመት ጀመረ።

«አባት የሌለበት ቤት ስለሆነ ነው»

ይሄ ስህተት ግማሽ እውነት ስላለው ያስቸግራል። ኢኮኖሚስቱ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2018 ይፋ ያደረጉት ጥናት ሚሊዮኖች ልጆች አድገው የት እንደደረሱ ተከታትሏል። እኩል ገቢ ካለው ቤት የወጡ ጥቁርና ነጭ ሴቶች ሲያድጉ የሚያገኙት ገቢ ተቀራራቢ ነው። ወንዶቹ ጋ ግን ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ሀብታም ቤት፣ ሁለቱም ወላጆች ባሉበት ያደገው ጥቁር ልጅም አያመልጠውም። ልጄ ሐበሻ ነው፣ እሱን አይመለከተውም የሚል አባት ካለ፣ ቀጣሪው ሲያየው የት ተወለደ ብሎ እንደማይጠይቅ ያስታውስ።

ታዲያ ግማሹ እውነት የቱ ጋ ነው? ጥቁር ወንዶች ሻል ብለው የሚያድጉባቸው ሰፈሮች አሉ። ድህነት ያልበዛባቸው፣ የነጮቹ ጥላቻ ቀለል ያለባቸውና ብዙ ጥቁር አባቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩባቸው ናቸው። የሰፈሩ አባቶች መኖር የሚጠቅመው የራሱ አባት ቤት ውስጥ ላለው ልጅ ብቻ አይደለም፤ አባት ለሌለውም ነው። ድህነቱ ያነሰና አባቶች የበዙበት ሰፈር ውስጥ የሚያድጉት ጥቁር ልጆች ግን ከ100 አምስት አይሞሉም። ከነጮቹ 63 ይሆናሉ።